የታናሹ ጭንብል

ሽማግሌው የሚበይድበት ኤሌክትሮድ ለሦስተኛ ጊዜ ከበሩ ማጠፊያ ጋር ሙጭጭ አለ። ነቅንቆ አላቀቀው። የሟች ታናሽ ወንድሙ የብየዳ ጭንብል ጭንቅላቱን ጠቦታል። እናቱ ዕድሜ ልኩን «አንተ ተወው፣ ታናሽህ ይሥራው» ስትለው ኖራለች፤ በስተርጅና ብየዳ መማሩም አንድ ቀን «ጎበዝ» ብትለው ብሎ ነበር።

«አትጫነው» ብሎት ነበር ጎረቤቱ በያጅ፤ «ትንሽ ራቅ አድርገህ ያዘው። ሽንኩርት ሲጠበስ እንደሚንጫጫው እኩል ከጮኸልህ፣ ያዘልህ ማለት ነው።» ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እንደገና ጫረው። ድምፁ ሳይቆራረጥ ቀጠለ።

ይኼኔ እናቱ፣ የትንሹን ልጇን ሞት እንኳ የረሳችው፣ ከአልጋዋ ላይ ተጣራች።

«መጣህ የኔ ትንሽ? በድምፁ አወቅሁህ። ያ ታላቅህማ ሲያበላሸው ነው የዋለው።»

ጭንብሉን ሳይገልጥ «አዎ እማዬ፣ መጣሁ» አላትና ኤሌክትሮዱ እስኪያልቅ ድረስ በየደ።