በቅርብ አለቃ በኩል

መሳይ ደብዳቤውን በሁለት ጣቱ ወደ ኤቢሴ ገፋ አድርጎ እስክሪብቶውን ከላዩ ላይ ያስቀምጣል።

«በገዛ ፈቃድሽ ነው የሚለው፤ ስንብት አይደለም» ይላታል። «ማኅደርሽ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። እኔ የማይሽ እንደ እኅቴ ነው።»

ደብዳቤው የሥራ መልቀቂያ ነው። የጻፈው እሱ፣ የምትፈርመው እሷ። መሳይ የአምቡላንስ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ከቢሾፍቱ ይዞት የመጣው የምስክር ወረቀት ከጀርባው ተሰቅሏል፦ «ርኅራኄን የተላበሰ አመራር፣ የሦስት ቀን ሥልጠና።» ምስማሩን ሲመታ ግቢው ሁሉ ሰምቷል።

ኤቢሴ ነርስ ናት። ትናንት ረፋድ ላይ የአደጋ ጥሪ ሲመጣ ከአምቡላንሱ የኋላ ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ አርባ ደቂቃ አልከፈተችም። ከሌላ ጣቢያ መኪና ተልኮ የተጎዳው ሰው ተርፏል። ጥፋት ግን ጥፋት ነው፤ እኔም የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነኝና ማኅደሯን ይዤ የተጠራሁት ለዚሁ ነው።

«ሲስተር፣ በሩን ለምን ቆለፍሽው?» እላታለሁ።

«መኪናዬ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው» ትላለች ቀና ሳትል። «በሁሩታው መንገድ ሚኒባሱ የተገለበጠ ዕለት ዘጠኝ ነበሩ። ሁለቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ትቼ ልመጣ ነው እላለሁ።»

«ይኸው ሰማናት» ይላል መሳይ ወደ እኔ ዞሮ። «ትልቁ ነገር ማዳመጥ ነው፣ ጋሽ ይትባረክ። ይህች ልጅ ደክማለች። ፈርማ ቤቷ ትረፍ።»

በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ሰው ሲባረር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተባራሪው አመስግኖ እንዲወጣ ሲጠበቅበት ያየሁት ግን ዛሬ ነው።

«አቶ መሳይ፣ የደከመ ሠራተኛ ዕረፍት የሚወጣበት ሥርዓት አለ።»

«ጠይቃለች እንዴ? ከማኅደሯ ውስጥ አንድ ማመልከቻ ያሳዩኝ።»

ኤቢሴ ይህን ጊዜ ቀና ትላለች። የምታየው ግን እሱን አይደለም፤ እኔን ነው።

ጠይቃለች። ሚኒባሱ በተገለበጠ በአራተኛው ቀን ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ አራት መስመር ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አኑራ ነበር። አንብቤዋለሁ። አንብቤም ከላዩ ላይ በቀይ ቀለም «በቅርብ አለቃ በኩል ይቅረብ» ብዬ መለስሁት። የቅርብ አለቃዋ ሥራ ከለቀቀ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ወረቀቱን ስመልስም ይህን አውቅ ነበር።

አሁን መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል።

«ጠይቃለች» እላለሁ። «የመለስሁት እኔ ነኝ።»

መሳይ ፈገግ ይላል። «እርስዎማ እንደ ሥርዓቱ ነው የሠሩት፣ ጋሽዬ! የእርስዎን ሥርዓት አዋቂነት ማን ያጣዋል?»

ከስድብ ሁሉ ይህ ምስጋና ይከፋል። በዕድሜዬ ለበታች ሠራተኛ ተናግሬው የማላውቀው ቃል ከአፌ ይወጣል። «ሲስተር ኤቢሴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልሁዎትም» ትላለች። «ዕረፍት ይስጡኝ ነው ያልሁዎት።»

እውነቷን ነው። የፈቃድ ቅጹን አውጥቼ እሞላለሁ። በራሴ ፊርማ እስከ ሃያ ቀን መፍቀድ እችላለሁ፤ ሃያውንም ጽፌ እፈርምና እሰጣታለሁ።

«ምን እያደረጉ ነው?» መሳይ ከወንበሩ ብድግ ይላል። «መኪናው ላይ ማን ሊወጣ ነው? ሌላ ነርስ ከየት ላምጣ?»

ሳልመልስለት በሩ ብርግድ ይላል። ሹፌሩ ሆራ ነው፤ ጃኬቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቋል።

«ጥሪ! ወንጂ ማዞሪያ፣ ሲኖትራክ ባጃጅ ላይ ወጥቷል። ሲስተር፣ በሞቴ ቶሎ በይ፣ ሞተሩን አስነሥቼዋለሁ!»

ኤቢሴ ቆማለች። እንዴት እንደ ተነሣች እሷም የምታውቅ አይመስልም፤ ጓንቱን ከኪሷ አውጥታ እያጠለቀች ነው።

«እሷ አትሄድም» እላለሁ። «ፈቃድ ላይ ናት።»

«ታዲያ ማን ሊሄድ ነው፣ እርስዎ?» ይላል ሆራ። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን የሚያነሣ ሁለተኛ አምቡላንስ ልንጠራ ነው እኮ!»

የዚህን ጣቢያ ሰዎች ማኅደር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ወደ መሳይ እዞራለሁ። «አንተ» እለዋለሁ፤ በመሥሪያ ቤት አንቱታ ነፍጌው አላውቅም። «የተቀጠርኸው በነርስነት ነው። የሙያ ፈቃድህን አምና አሳድሰሃል፤ ቅጂው እኔ ዘንድ ነው። ውጣ።»

«እኔ?» ፊቱ አመድ ይመስላል። «መኪና ላይ ከወጣሁ እኮ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የተጎዱት ብዙ ቢሆኑስ?»

«ትመርጣለህ» ትለዋለች ኤቢሴ።

ሆራ የመሳይን ክንድ ይዞ ይጎትተዋል። «ና እንጂ፣ ሰው እየሞተ ነው!» መሳይ ኮቱን ወለሉ ላይ ጥሎ ተከትሎት ይሮጣል።

የሳይረኑ ጩኸት ከግቢው ወጥቶ በአስፋልቱ ላይ ይነጉዳል። ኤቢሴ ጓንት ባጠለቀ እጇ ቅጹን ይዛ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታዳምጣለች። ተቀመጪ ልላት አፌን እከፍታለሁ። ይህም ትእዛዝ መሆኑ ይታወቀኝና እተወዋለሁ። ጩኸቱ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ እቆማለሁ።