የመዳብ ደሴቱ ዋሻ

ቶኩዞ ኡራቤ ጀልባው ላይ ሲሳፈር የጎብኚዎች መዝገብ ላይ የጻፈው በሰሜን አገር የሚታወቅበትን ሌላ ስም ነው። አስጎብኚዋ ቺናሚ፣ ደሴቱን ከዚህ በፊት አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው። አይቼው አላውቅም አላት።

ዋሸ። መዳብ ማቅለጫው ሳይዘጋ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። እሳቱ የተነሳ ቀን ከጓደኛው ከሞሪካዋ ጋር ከመሬት በታች ያለውን የጭስ ዋሻ ጥቀርሻ እየጠረጉ ነበር። ጡብ ተንዶ የሞሪካዋን እግር ያዘው። ቶኩዞ ዲጅኖ አምጥቼ አወጣሃለሁ ብሎት ወጣ። ውጭው ነበልባል ነበር። ዲጅኖውን አልፎት ሮጠ፤ ያገኘው የዓሣ ጀልባ ላይ ዘሎ ባሕሩን ተሻገረ። ዋሻው ከኋላው ሲደረመስ ሰማ። ይህ ከሆነ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለሚስቱም ቢሆን።

ቺናሚ ጎብኚዎቹን ይዛ ዞረች። ጭስ ያመከነው ኮረብታ እንደገና ጥድ አብቅሏል። የባሕሩ ዳር አሸዋ ጥቁር ነው፤ ከምድጃው የተደፋውን ዝቃጭ ማዕበል ፈጭቶት ነው። ከቋጥኙ ሥር ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ የሚገለጥ ቀዳዳ አለ፤ የውሃ ወፎች ይገቡበታል፣ ይወጡበታል።

ቶኩዞ ሣር የዋጠውን የተሰበረ ደረጃ ሳያየው ተራመደው። ቀና ሲል ቺናሚ እያየችው ነበር።

«አባባ፣ እግርዎ መንገዱን የሚያውቀው ይመስላል» አለችው።

ደረቷ ላይ ያለውን ስም ያነበበው ያኔ ነው። ሞሪካዋ ይላል። አገጯ የአባቷ ነው። ያኔ ገና ጨቅላ ነበረች። ደርሳብኛለች አለ በልቡ።

ሌሎቹ ምሳቸውን ሲፈቱ ለብቻው ጠጋ አለችው። ለሁሉም የማላሳየው ቦታ አለ አለችው፤ ወጣቶቹ ፎቶ ብቻ ያነሱበታል፣ እርስዎ ግን እጅ መንሳት ያውቁበታል። እምቢ ማለት ይችል ነበር። ደክሞታል፤ ተከተላት።

የዋሻው አፍ ተጠርጎ ተደግፏል። ውስጡ ይቀዘቅዛል።

«እዚህ የቀረ ሰው አለ» አለች ቺናሚ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አስከሬኑ አልተገኘም። በየወሩ እየመጣን የመታሰቢያ ድንጋዩን እናጥባለን።»

ቶኩዞ ጨለማው ውስጥ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። «ሞሪካዋ፣ ይቅር በለኝ። ስትጠራኝ ሰምቼሃለሁ» አለ።

ቺናሚ ግራ ገባት። «አባቴን ያውቁታል እንዴ? ያኔ በባሕሩ በኩል ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ነው የተረፈው። ማታ ወደቡ ላይ ይጠብቀኛል፤ አገናኛችኋለሁ።»

ከዚያ ባትሪዋን አባቷ ድንጋዩ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ አበራች።

«ቶኩዞ ኡራቤ፤ እኔን ሊያወጣ ወደ እሳቱ ተመልሶ የገባ ጓደኛዬ።»