ሙቅ ውሃ አይነካቸውም

ቢላውን ከሳፋው ሳወጣ ስለቱ ብቻ እጄ ላይ ይቀራል። እጀታው ውሃው ውስጥ ነው። ሌላውን አነሳለሁ፤ እሱም ያው። ውሃው ገና እጅ ያቃጥላል።

አማቴ ከእናታቸው የወረሷቸው፣ የአጥንት እጀታ ያላቸው አስራ ሁለት የገበታ ቢላዎች ናቸው። እጀታው የተያያዘው በድሮ ሙጫ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ያላቅቀዋል። በእርጥብ ጨርቅ ተወልውለው፣ ደርቀው፣ ወደ ከፈይ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። ይህን ሕግ በዚህ ቤት ድመቷም ታውቀዋለች። ዛሬ ጠዋት ግን "እኔው አጥባቸዋለሁ፣ አንቺ ድስትሽን ጠብቂ" ብለው ከእጄ የተቀበሉኝ ራሳቸው አማቴ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህን ቢላዎች ስጠላቸው ነው የኖርኩት። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ሰሞን ገበታ ሳሰናዳ የአንዱን ስለት ወደ ውጭ አዙሬ አስቀመጥኩት። አማቴ እንግዳው ሁሉ እያየ ከኋላዬ መጡና በአንድ ጣታቸው ወደ ሳህኑ መለሱት። "ስለት ጎን ወደተቀመጠ ሰው አይዞርም፣ ልጄ" አሉኝ ኋላ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"ምነው? ምን ሆነሽ ነው?"

የባሌ ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆማለች። የመጣችው ለምሳ ብቻ አይደለም። አማቴ ባለፈው ወር ምድጃውን ሳያጠፉ ወጥተው ነበር፤ ወሬው ደርሷት፣ "አሁንም አንድ ነገር ካየሁ እማዬን ወደ አረጋውያን ማረፊያ ይዣት ነው የምሄደው" ብላናለች። ክፍል ሁሉ ይዛላቸዋለች። ከዚህ ቤት ከወጡ እንደማይከርሙ እኔ አውቃለሁ።

ሳፋውን ስታይ ፊቷ ይለዋወጣል።

"እማዬ ናት፣ አይደል?"

"እኔ ነኝ" እላለሁ። "ተቻኩዬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው።"

"አንቺ? ስንት ዓመት ሙሉ ተነግሮሽ?"

አማቴ ድምፃችንን ሰምተው ይመጣሉ። ሳፋውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን። እውነቱን ቢናገሩስ?

"አንቺ ልጅ! ሙቅ ውሃ አይነካቸውም ብዬሽ አልነበረም? የእናቴን ዕቃ! ወይ ጉዴ! ስንቴ ልንገርሽ?"

ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ግድግዳ ይሰነጥቃል። አንገቴን ደፍቼ "ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ" እላለሁ። ከልባቸው አምነውበት ነው የሚቆጡኝ። የጣቶቻቸው ጫፍ ደግሞ ከውሃው የተነሳ ገና እንደተጨማደደ ነው። ያ ሆዴን ያባባዋል።

የባሌ እህት ወደ ጎን ትስበኛለች። እንባ አቅርራ ትስቃለች።

"ኧረ እማዬ ምንም አልሆነችም! ስትቆጣ ሰማሻት? ያቺው ናት እኮ!"

"ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው" እላለሁ።

ባሌም ለምሳ ይመጣል፤ ያልተላቀቁት አምስት ቢላዎች ለአራታችን ይበቃሉ። አማቴ ራሳቸው ይደረድሯቸዋል፣ እኔም ሳህኑን አቀርባለሁ። ሁላችንም ከተቀመጥን በኋላ የራሴን ቢላ አየዋለሁ። ስለቱ ወደ ውጭ ዞሯል፤ በቀኜ ወደተቀመጡት ወደ እሳቸው። ባሌ ከእህቱ ጋር ያወራል፤ ሁለቱም አላዩም። በአንድ ጣቴ ቀስ አድርጌ ወደ ሳህኔ እመልሰዋለሁ።

አማቴ ጣቴን ያዩታል። ረጅም ጊዜ ያዩታል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ቢላዎቹን... እኔ ነኝ፣ አይደል?" ይሉኛል።

"ይብሉ እማማ፣ ይቀዘቅዛል።"

ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እጄን ይይዙታል። አጥብቀው ነው የያዙኝ፤ የሚለቁኝም አይመስለኝ።

"ምነው፣ ከቢላ ጋር ተኳረፋችሁ?" ትለኛለች የባሌ እህት።

"ለዛሬስ ፈርቼዋለሁ" እላታለሁ። ሁሉም ይስቃሉ። ቢላዬን እንደተቀመጠ ትቼው፣ በግራ እጄ፣ በሹካ ብቻ እበላለሁ።