ትንፍሽ አልልም

መጀመሪያ የተሰማው ከበድ ያለ ድምፅ ነበር፤ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት። ቀጥሎ የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ዞረ ዞረና ጸጥ አለ። ልጅቱ ጣቷን የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ድምፁ የመጣው እናቷ ካለችበት ከወጥ ቤት ነው።

«እማዬ» ልትል የከፈተችውን አፍ ቶሎ ገጠመችው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀዩ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ካሜራው ያያል፣ ማይክሮፎኑ ይሰማል። ከወንበር መነሳት ክልክል፣ ዓይንን ከስክሪኑ መንቀል ክልክል። የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ በስክሪኑ የምትወስደው ፈተና እዚያው ይዘጋል። እናቷን ብትጠራትና እናቷ «ወዬ» ብትላት፣ አለቀ፣ ያ ሁለተኛ ድምፅ ነው።

ልጅቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካርቶን ስትፈታና መደርደሪያ ስትወለውል የኖረች ናት። የፋርማሲ ትምህርቱን ግማሹን ከሥራ መልስ በዚሁ ስክሪን፣ ግማሹን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ላቦራቶሪ ሄዳ ተማረችው። በስክሪን ባይመጣላት ኖሮ ሥራ ትቶ ክፍል መቀመጥ የማይታሰብ ነበርና ይህን ኮምፒውተር ስትመርቀው ነው የከረመችው። ዛሬ ግን ትፈራዋለች። ካለፈች ነጭ ጋዋን ለብሳ ከባንኮኒው ጀርባ ትቆማለች፤ ከወደቀች ወደ መጥረጊያዋ። ሌላ ዕድል ደግሞ የላትም።

የመጀመሪያውን ዕድል ያበላሸችው እናቷ ናት። ፈተናው መሀል በሩን በርግዳ ሳህን ይዛ ገባች። «አንጀትሽ ታጠፈ እኮ፣ ልጄ!» አለችና ጎንበስ ብላ ስክሪኑ ላይ ያለውን የፈተና ተቆጣጣሪውን ፊት አየች። «ምነው፣ ይሄ ሰውዬስ አይበላም?» ስክሪኑ ወዲያው ጠቆረ። ልጅቱ እያለቀሰች «በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት!» ብላ ጮኸችባት። እናቷ ሳህኑን እንደያዘች ወጣች።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ እያሰረች፣ «በይ ግቢ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ትንፍሽ አልልም» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ።

እናቷ እኮ ዕቃ ሲወድቅባት ከዕቃው ጋር የምትጣላ ሴት ናት። ክዳን ካመለጣት «አንተን ደግሞ ምን ያሯሩጥሃል?» ሳትል አታነሳውም። አሁን ግን ቁጣም፣ ኮቴም የለም። የቧንቧው ውሃ ብቻ ይንፎለፎላል።

ጥያቄው ስለ ሕፃናት ሽሮፕ መጠን ነበር። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ አልገባ አላት። ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ በሩ ሄደ።

«እህቴ፣ ዓይንሽን ወደ ስክሪኑ» አለ ተቆጣጣሪው። ጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ወጣት ነው።

«ይቅርታ... እናቴ ወጥ ቤት የወደቀች መሰለኝ። አንዴ አይቻት ልምጣ? በእናትህ፣ አሁኑኑ እመለሳለሁ።»

ወጣቱ ወደ ኋላው ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከተነሳሽ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚዘጋው። እኔ መልሼ ልከፍትልሽ አልችልም። አንቺው ወስኚ።»

አልተነሳችም። ዕቃ ነው የወደቀው አለች ለራሷ፤ ትንፍሽ አልልም ብላኝ የለ፣ ቃሏን እየጠበቀች ነው። አንዱን ጥያቄ መለሰች። ቀጣዩንም መለሰች። ውሃው አሁንም ይፈሳል። ይህች ሴት የጎረቤት ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰምታ ከአልጋዋ የምትነሳ ናት። እናቷ እዚያ ሞታ፣ እሷ እዚህ «ቀጣይ» የሚለውን እየተጫነች ቢሆንስ?

በዚህ መሀል የባዶ እግሯን ጣቶች ቀዝቃዛ ነገር ነካቸው። ዝቅ ብላ ማየት አላስፈለጋትም፤ ውሃው በበሩ ሥር ገብቷል።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ወደቀ። ስክሪኑ የመዝጊያውን ድምፅ ሲያሰማ እሷ በሩን አልፋ ነበር።

እናቷ ሞልቶ ከሚፈሰው ዕቃ ማጠቢያ ሥር ውሃ ውስጥ ተጋድማለች። የወጣችበት በርጩማ አጠገቧ ተገልብጧል። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ዓይኖቿ ፈጠዋል። የሻርፗን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከትታ፣ በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች። በአንድ እጇ ወለሉን ተደግፋ በሌላው ወደ ክፍሉ ታመለክታለች፤ ሂጂ፣ ተመለሺ፣ ተመለሺ።

«እማዬ! ምን ሆንሽብኝ፣ እማዬ!»

እናቷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘቻት።

ልጅቱ ውሃው ላይ ተንበርክካ ጨርቁን ከአፏ ልታወጣ ሳበችው። እናቷ ራሷን ነቅንቃ ጥርሷን አጠበቀች።

«ልቀቂው እማዬ። ፈተናው አብቅቷል።»

እናቷ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ቀስ ብላ ጨርቁን ለቀቀች፤ ጫፉን ደም ነክቶታል። ወደ ክፍሉ በር እየተመለከተች በሹክሹክታ፣

«ሰውየው ሄዷል?» አለች።

«ሄዷል።»

እናቷ የጮኸችው ያኔ ነው።