ባለ ብረቱ ሲያርፍ

በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ገጠር ባለ የጭፈራ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኬጁን የሚባሉትን የአካባቢውን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሙዚቃ የሚጫወት አንድ የቆየ ባንድ አለ። አልሲድ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ወንድሙ ቫዮሊን ይገዘግዛል፣ ሦስተኛው ሰው፣ ባለ ብረቱ፣ ደግሞ ከአሮጌ የድርቆሽ መንሽ ጥርስ የተሠራ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይመታል። አኮርዲዮኑም ቫዮሊኑም እምቢ ስላሉት የተሰጠው ሥራ ነው። «ሙዚቃ የማይችል ሰውም ባንድ ውስጥ ቦታ አለው» እያለ በራሱ ይቀልዳል። በልቡ ግን ያለ እኔ ምቱ ይፈርሳል ባይ ነው።

አንድ ቅዳሜ የእጁ አንጓ አመመው። «ዛሬ ልረፍ መሰለኝ፤ ትቸገራላችሁ?» አለና እስኪለምኑት ጠበቀ።

«ኧረ እረፍ» አለው አልሲድ፣ ዓይኑን ከአኮርዲዮኑ ሳያነሳ።

ከጨፋሪዎቹ ጎን ሄዶ ተቀመጠ። ሙዚቃው ተጀመረ፤ ጥንዶቹ እንደ ወትሯቸው ተሽከረከሩ፤ አንድም እግር አልተሳሳተም። ሳቁ መጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን በአንዲት ብረት አዳራሹን የተሸከመ መስሎት ኖሯል። ቤት ሲገባ ብረቱን የዶሮ ቤቱ በር ላይ ሊሰቅለው ወሰነ።

ኦዲልን ያያት ያኔ ነው። ከወንዙ ማዶ እየመጣች ሁልጊዜ ከመድረኩ ሥር የምትጨፍረው፣ እሱም ከላይ ሆኖ በአንገቱ ብቻ ሰላም የሚላት አሮጊት፣ የባሏን እጅ እንደያዘች ቆማለች። ወደ ባሏ ጠጋ አለ።

«ምነው፣ እግሯን አመማት?»

«እግሯስ ደህና ነው» አለ ባሏ። «ጆሮዋ ነው ከልጅነቷ ጀምሮ የማይሰማው። የምትጨፍረው እጅህን እያየች ነበር።»

ወደ መድረኩ ተመለሰና ብረቱን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ያዘው።