የመከለያው ሽቦ

ዘበኛው የግቢውን በር በዱላው ሁለቴ መታ። በእንጨት ሥራ ቤቱ ያሉት ስድስቱም ሠራተኞች ምልክቱን ያውቁታል፤ ተቆጣጣሪ መጣ ማለት ነው። ወዲያው ሽቦዎቹ ከየምስማራቸው ተፈቱ፤ ወደ ላይ ታስረው የከረሙት የመጋዝ መከለያዎች ተራ በተራ ወርደው ጥርሶቹን ሸፈኑ። ለሚያያቸው ሰው ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ከቦታቸው ንቅንቅ ያሉ አይመስሉም።

ይህን ዘዴ ያመጣው ሊቀ መጋዝ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ሥራው ያልሰነጠቀው የእንጨት ዓይነት የለማ! መከለያ ግን አይወድም። «ዐይንህን ጨፍነህ ሂድ እንደ ማለት ነው» ይላል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ የሉም። «መጋዙ ዘለለብኝ» እያለ ሲያወራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ወሬውም እየቆየ እየጣፈጠ ሄዷል። አሁን አሁንማ መጋዙ የሚዘለው ጣሪያ ድረስ ነው።

የመጣችው ግን ተቆጣጣሪ አልነበረችም። ማኅደር በብብቷ ይዛ፣ ሰጋቱራውን እየረገጠች የገባችው ወጣት ሴት የሥራ ደኅንነት አሠልጣኝ ነኝ አለች። በአዲሱ ደንብ መሠረት ሥልጠናውን ያልወሰደ፣ ወስዶም በገዛ ማሽኑ ላይ ሠርቶ ያላሳየ ሰው መጋዝ ፊት አይቆምም።

ሊቀ መጋዝ ለራሱ አልሰጋም። የሰጋው ለአማቹ ነው። የሴት ልጁ ባል መጋዝ ከያዘ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ያስተማረውም እሱ ራሱ ነው። «ልጄን ሰጥቼው ሙያዬን እነፍገዋለሁ?» ብሎ። ልጁም ባሏን በመጀመሪያው ቀን ስትሸኘው «አባባ፣ እጁን አደራ» ብላው ነበር። «እንደ ራሴ እጅ ነው የማየው» አላት።

አሠልጣኟ ደንቡን አንድ በአንድ አነበበች። መከለያ ይነሣል? አይነሣም! ጓንት አድርጎ መጋዝ ይያዛል? አይያዝም! ስድስቱም እንደ ትምህርት ቤት ልጆች በአንድ ድምፅ መለሱ። እሷ ፈገግ ብላ ማኅደሩን ዘጋችው።

«አፋችሁ ጎበዝ ነው። አሁን እጃችሁን አሳዩኝ። ኤሌክትሪኩ ይጥፋና አንድ ሰው ሳንቃ የሚቆርጥ ይምሰል። እኔ የለሁም በሉ።»

ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። በመጨረሻ አማቹ ወጣ። ሰውየው ውሸት የማይችል፣ የታዘዘውን እንደታዘዘ የሚያደርግ ሰው ነው። አሠልጣኟ የለችም ተብሏል፤ ስለዚህ የለችም። እጁን ዘርግቶ ሽቦዋን ከምስማሩ አወረደ፤ መከለያውን ወደ ላይ ገፋና ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

አንዱን ሳል አነቀው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሊቀ መጋዝ ፊቱ ጋለ፤ አሠልጣኟ ግን ዐይኗን ከአማቹ እጅ አላነሣችም። አማቹ ሳንቃውን አጋደመ፤ አስተካከለ፤ ዝም ወዳለው መጋዝ ቀስ አድርጎ መግፋት ጀመረ።

ሊቀ መጋዝ የአማቹን እጅ ያየው ያን ጊዜ ነው። ማሽኑ ሲጮህ፣ ሰጋቱራው ሲቦን፣ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ቆሞ አላየውም ነበር። አማቹ ሳንቃውን የሚገፋው በሦስት ጣት ነው። ትንሿንና የቀለበት ጣቱን ወደ መዳፉ አጥፎ ጨብጧቸዋል። ሳንቃው ጫፉ ላይ ሲደርስ ተወዛወዘና የአማቹ መዳፍ ወደ ጥርሶቹ ዘንበል አለ።

«ሁለቱን ጣቶችህን ለምን አጠፍካቸው?» አለች አሠልጣኟ።

አማቹ የሰው እጅ እንደሚያይ አድርጎ እጁን አየ። «አያያዙ እንዲህ ነው» አለ። «አባባ የሚገፉት እንዲህ ነው።»

የሳቀ የለም። ሊቀ መጋዝ የሥራ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ፈራ። ጣቶቹ የሄዱ ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራም።

«መጋዙ አልዘለለም» አለ።

«ምን አሉኝ አባቴ?» አለች አሠልጣኟ።

«ያኔ እጄን ሲቆርጠኝ። መጋዝ ወዴት ይዘላል? መከለያውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ወርዶ ቢሆን ኖሮ እጄ እዚያ አይደርስም ነበር።» ባልደረቦቹን አላየም። «ይህችን ሽቦ ለሁሉም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጻፊው፣ ልጄ።»

አሠልጣኟ ብዕሯን አላነሣችም። «መጀመሪያ ያውርዱልኝ» አለች በለሆሳስ።

ሊቀ መጋዝ ሽቦዋን ፈታት። ወደ ምስማሯ አልመለሳትም፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተታት። መከለያው ወርዶ ጥርሶቹን ሸፈነ። ከዚያ አማቹ አጠገብ ቆመና እጁን ያዘ፤ በሦስት ጣቱ የታጠፉትን ሁለቱን አንድ በአንድ አቃንቶ ሳንቃው ላይ ዘረጋቸው።

«አሁን ግፋ።»

አማቹ ገፋ። ገና ስንዝር ሳይሄድ ሁለቱ ጣቶች ሳያውቀው ታጠፉ። ሽማግሌው መልሶ ዘረጋቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን እጁን አላነሣም።