ውሃው በየት በኩል ይመለስ

ወገኔ መዳፉን ግድግዳዬ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ልጄ ትዕዛዙ የስልኩን መብራት ያበራለታል። እኔ ከምድር ቤቱ በር ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ክፍሉ ለሦስታችን አይጠብም፤ ግን ይግቡ ያለኝ የለም።

"የዳገቱ ውሃ ነው" ይላል ወገኔ ለልጄ። "ከውስጥ ብትለስነው ገፍቶ ይጥለዋል። ከውጭ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ፣ ግድግዳው ሬንጅ ተቀብቶ፣ ከሥሩ ቱቦና ጠጠር ቢገባ ግን ውሃው በጎን ያልፋል።"

"በጎን ያልፋል" ይላል ትዕዛዙ፣ ትምህርት እንደሚያጠና ሰው።

ወገኔ የምራቴ የሜላት አባት ነው። ጫግኒ እህል ይነግዳል። መጋዘኑ ውሃ ያስገባ ነበር አሉ፤ አደረቀው አሉ። ትናንት ልጄ ደውሎ እንዲመጣለት ሲለምነው ሰማሁ። እኔ ከላይኛው ክፍል ነበርኩ። እኔን ለማማከር ደረጃውን መውጣት ብቻ ይበቃው ነበር።

ይህን ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ። ትዕዛዙ ሲያገባ ምድር ቤቱን ሰጠሁት። ጀርባው ዳገቱ ውስጥ የገባ ስለሆነ የከተማችን የቆሰበር ዝናብ ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛል። የልጅ ልጄን ከሐምሌ ጀምሮ ሳል አልለቅ ብሏታል።

"መቆፈር ምን ያደርጋል?" እላለሁ ከበሩ። "ውሃ የማያስገባ ዱቄት ይሸጣል። ከሲሚንቶ ጋር አዋህደን ከውስጥ እንለስነዋለን፤ ነገውኑ ያልቃል።"

"አምናም ለስነነው ነበር እኮ" ይላል ትዕዛዙ ቀስ ብሎ።

"አምና ዱቄቱ አልገባበትም።"

ልጄ ዞር ብሎ ያያል፤ ወደ ወገኔ እንጂ ወደ እኔ አይደለም።

"ደግሞ ከሥሩ ከተቆፈረ ቤቱ ይናጋል" እላለሁ። ተጠንቅቀው ከቆፈሩት እንደማይናጋ አውቃለሁ።

ወገኔ እርጥብ እጁን በኮቱ ይጠርጋል። ይከራከረኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን "ቤቱ የእርስዎ ነው አቶ ይሄይስ፤ እንዳሉት ይሁን" ይላል። "ብቻ ግድግዳው እስኪደርቅ ልጆቹን ጫግኒ ልውሰዳቸው። ሙቀቱ ለሕፃኗ ደግ ነው። ትዕዛዙም ባጃጁን እዚያው ይሠራል።"

ትዕዛዙ አይደነግጥም። ሜላት ልጇን አዝላ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ እሷም አትደነግጥም። ተነጋግረውበታል ማለት ነው።

እስኪደርቅ። እኔ በምለው ልስን ግድግዳው መቼም እንደማይደርቅ ልቤ ያውቃል። እነሱም አንዴ ጫግኒን ከለመዱ አይመለሱም።

ወጥቼ ወደ ጓሮ እዞራለሁ። ዝናቡ አባርቷል። ዶማዬን አንስቼ፣ ከዳገቱ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር መቆፈር እጀምራለሁ። አፈሩ ርሷል፤ ከዶማው ጋር ይጣበቃል። ጥቂት እንደቆፈርኩ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ወገኔ ተከትሎኝ ይመጣል። አሸነፍኩ የሚል ፊት አያሳየኝም። ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ አካፋ ያነሳና የቆፈርኩትን ይዝቅልኛል። ደግ ሰው መሆኑ ይብስ ያናድደኛል።

"ከመሠረቱ በታች እንዳይወርዱ" ይለኛል።

"አውቃለሁ።"

እኔ እቆፍራለሁ፤ እሱ ይዝቃል። ትዕዛዙ የሚጠጣ ውሃ በጆግ ይዞ ከቤቱ ጥግ ብቅ ይላል።

"አባየ" ይላል።

ሁለታችንም ቀና እንላለን። ካገባ ወዲህ ወገኔንም እንዲሁ ነው የሚጠራው።

"ወይ" እላለሁ፣ ቀድሜ።